መረጃና ውሳኔ፤ ከአንድ የኮልፌ ሱቅ የተገኘ ትምህርት



በንግድና በአስተዳደር ትምህርት ክፍል የምንማር ሁሉ «ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም» የተባለውን ትምህርት ሳናገኘው አናልፍም። ስሙ ረጅም ነው፤ መጽሐፉም ወፍራም ነው። አብዛኞቻችን ትርጉሙን በቃላችን እንይዝና በፈተናው ወረቀት ላይ አራግፈነው እንወጣለን። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ፤ ያገኘሁትም ማርክ ጥሩ ነበር። በኋላ ግን በራሴ እጅ የሠራሁት ስሕተት በዘመድ ገንዘብ ላይ ጉዳት ስላደረሰ፣ ትምህርቱን እንደገና ከሀሁ ለመጀመር ተገደድሁ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እኔ በአንዲት ትንሽ ሱቅ የሠራሁትን ስሕተት እናንተ ነገ በትልቅ መሥሪያ ቤት እንዳትደግሙት በማሰብ ነው።

ሀ. ከጥሬ ቁጥር ወደ ውሳኔ

አጎቴ በኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው። ምስር፣ ሽሮ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል ከእሱ ዘንድ አይታጣም። እንደምታውቁት ኮልፌ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ሰፈር ነውና ደንበኞቹም ከሁለቱም ወገን ናቸው። አጎቴ የዕለት ሽያጩን በአንድ ደብተር፣ ዱቤውን በሌላ ደብተር ይጽፋል።

እንግዲህ አጎቴ «ዛሬ 10 እንቁላል ተሸጠ» ብሎ ሲጽፍ ይህ ጥሬ ነገር ነው፤ በትምህርታችን ዳታ የምንለው ይህንኑ ነው። ብቻውን ምንም አይናገርም። «ባለፈው ሳምንት በየቀኑ 40 ይሸጥ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ግን ወደ 10 ወረደ» ሲባል ቁጥሩ አፍ አወጣ፤ መረጃ ሆነ። «እንግዲያውስ ለሚመጣው ሳምንት እንቁላል ቀንሰን ምስር እንጨምር» ሲባል ደግሞ ውሳኔ ሆነ። የመረጃ ሥርዓት ማለትም ጥሬውን የሚሰበስብ፣ የሚያስቀምጥ፣ የሚያነጻጽርና ለወሳኙ ሰው በጊዜው የሚያደርስ የሰው፣ የመሣሪያና የአሠራር ቅንብር ነው። ኮምፒዩተር ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነው እንጂ ሥርዓቱ ራሱ አይደለም። በዚህ ሚዛን ብናየው የአጎቴ ደብተር፣ እስክሪብቶውና የብዙ ዘመን ልማዱ አንድ ላይ ሆነው የመረጃ ሥርዓት ናቸው።

ኮምፒዩተርን ለንግድ ሥራ በማዋል ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ደግሞ ሻይና ዳቦ ሻጭ ነበር ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ጄ. ላየንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ብዙ ሻይ ቤቶችና ትልቅ ዳቦ መጋገሪያ ነበረው። ሊዮ ብሎ የሰየመውን ኮምፒዩተር ራሱ አሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በኅዳር ወር ገደማ የመጋገሪያውን ምርት ዋጋ በእሱ ያሰላ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሻይ ቤቶቹን የዕለት ትእዛዝ በዚሁ መሣሪያ ማዘጋጀት ያዘ። የእያንዳንዱ ሻይ ቤት የዘወትር ትእዛዝ አስቀድሞ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የሻይ ቤቷ ኀላፊ በስልክ የምትናገረው የተለወጠውን ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ኩባንያው መሣሪያውን ገዝቶ ሥራ አልፈለገለትም፤ «ለነገ ስንት ዳቦ ይጋገር?» የሚል ጥያቄ በእጁ ይዞ መሣሪያውን ፈለገ እንጂ።

ለ. ውሳኔ ሁሉ አንድ አይደለም

ስለ ውሳኔ ከጻፉት ሊቃውንት መካከል ስሙ ዘወትር የሚነሣው አሜሪካዊው ሄርበርት ሳይመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ይኸው ሰው፣ ውሳኔ በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ነገር አለመሆኑን አስረድቷል። መጀመሪያ ችግሩን ወይም ዕድሉን ማየት አለ፤ ቀጥሎ አማራጮችን ማሰናዳት አለ፤ በመጨረሻ ከአማራጮቹ አንዱን መምረጥ አለ። እኛ ተማሪዎች ስለ ውሳኔ ስናስብ ዐይናችን የሚያርፈው በመጨረሻው ላይ ነው። ዳሩ ግን መጀመሪያ ላይ ሳይታይ የቀረ ነገር፣ በመጨረሻው ላይ የቱንም ያህል ብንራቀቅ አይመለስም።

ሌላው አሜሪካዊ ሮበርት አንቶኒ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን ድርጅት ውሳኔ በሦስት እርከን ከፍሎታል። ክፍፍሉን በአጎቴ ሱቅ ላይ አሳርፈን እንየው።

የታችኛው እርከን የዕለት ሥራ ነው። ስኳሩ እስከ ነገ ይበቃል ወይ? ይህ ደንበኛ የቀድሞውን ዱቤ ሳይከፍል ሌላ ይሰጠው ወይ? ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ዝርዝርና ትኩስ መሆን አለበት፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም።

የመካከለኛው እርከን ያለውን ገንዘብ መደልደል ነው። በሚመጣው ወር ከዚህች ካፒታል ስንቱ ለእንቁላል፣ ስንቱ ለምስር፣ ስንቱ ለዘይት ይዋል? እዚህ ላይ ዝርዝሩ ሁሉ ይጨመቅና ካለፈው ጊዜ ጋር ይነጻጸራል።

የላይኛው እርከን የሩቁ ዕቅድ ነው። ጎን ያለው ክፍል ይከራይ ወይስ አይከራይ? ብድር ይወሰድ ወይስ ይቅር? ለዚህ ደብተሩ ብቻውን አይበቃም። መንገዱ ይሰፋል ወይ? ሰፈሩ ይነሣ ይሆን ወይ? የሚለውን የውጭ ወሬ ይጠይቃል።

የእኔ ስሕተት የተፈጸመው በመካከለኛው እርከን ነው። «ካለፈው ጊዜ ጋር ይነጻጸራል» ብዬ አሁን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያለፍኋት ቃል ነች ጉድ የሠራችኝ።

ሐ. የየካቲት እንቁላል

የአጎቴን የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. ደብተር ወደ ኮምፒዩተር አስገብቼ፣ በኤክሴል በወር በወር ሠንጠረዥ ሠራሁለት። ሥራው ያማረ ነበር፤ የሚወጣና የሚወርድ መስመርም ሥዬበታለሁ። በጥር 2017 ዓ.ም. አጎቴ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገር ቤት ሄደና ሱቁን ለእኔና ለልጁ አደራ ሰጠን። በዚያው ሰሞን እንቁላል የሚያመጣልን ነጋዴ፣ የየካቲትን ሙሉ ሂሳብ አስቀድመን ከከፈልን ዋጋ እንደሚቀንስልንና በየሳምንቱ እያመጣ እንደሚያስረክበን ነገረን።

ወደ ሠንጠረዤ ሄድሁ። ቁጥሩን ለስሌት እንዲቀል አጠጋግቼ ልጻፈው። በየካቲት 2015 የተሸጠው 660 እንቁላል ነው፤ በየካቲት 2016 የተሸጠው 1200 ነው። እድገቱ ከመቶ 80 በላይ ሆነ። መስመሩ ሽቅብ ወጥቷል። ስለዚህ ለየካቲት 2017 ዓ.ም. 1500 አዘዝሁ፤ ገንዘቡንም አስቀድሜ ከፈልሁ። በዚያች ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

እስከ የካቲት 16 ድረስ ሁሉም መልካም ነበር፤ ቅበላም ስለ ነበር እንቁላሉ አልቆይ አለ። በየካቲት 17 ዐቢይ ጾም ገባ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ በየካቲት 22፣ ሮመዳን ገባ። እንቁላሉ ግን በውላችን መሠረት በሳምንቱ መጣ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ደግሞ መጣ። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሌላ በኩል ነበር። ለምስር፣ ለሽሮ፣ ለዘይትና ለተምር መዋል የሚገባው ገንዘብ በእንቁላል ታስሮ ቀረ። ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ጎረቤታችን ምስር ፈልጋ መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ጾሙ እስኪፈታም ከሌላ ሱቅ ስትገዛ ከረመች። የተረፈውን እንቁላል ከገዛንበት በታች ሸጥነው። አጎቴም ሲመለስ የሱቁን ኪራይ ለመክፈል ገንዘብ ስላጣ የዕቁቡን አባሎች «ዕጣውን አስቀድሙልኝ» ብሎ መለመን ግድ ሆነበት። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ልመና ለምኖ አያውቅም ነበር።

አሁን ስሌቱን እንደገና እንሥራው። በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 13 ነበር፤ ስለዚህ ከየካቲት ቀኖች 18ቱ የጾም፣ 12ቱ የፍስክ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ነው፤ ዐቢይ ጾም የካቲትን ከነጭራሹ አልነካውም። የነነዌን ጾም፣ ረቡዕና ዓርብን ለጊዜው እንተዋቸውና፣ ሱቁ በፍስክ ቀን 40፣ በጾም ቀን ለማይጾመው ጎረቤት 10 እንቁላል ይሸጣል እንበል።

የ2015 ዓ.ም. የካቲት፤ 12 ቀን በ40 ሲባዛ 480፣ 18 ቀን በ10 ሲባዛ 180፤ ድምሩ 660።

የ2016 ዓ.ም. የካቲት፤ 30 ቀን በ40 ሲባዛ 1200።

አያችሁ ወይ? የሱቁ ገበያ በአንዲት እንቁላል እንኳ አላደገም። ያደገው የፍስክ ቀኑ ቁጥር ነው። ለ2017 ዓ.ም. የካቲትም የሚገባው ስሌት 16 ቀን በ40፣ 14 ቀን በ10፣ በድምሩ 780 ነበር። እኔ ያዘዝሁት ግን የዚህን እጥፍ ያህል ነው።

«ምነው፣ ጾሙን አታውቅም ነበር ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ እጾማለሁ። ነገር ግን ከሠንጠረዡ ፊት ስቀመጥ ከቤት ይዤው የመጣሁትን ዕውቀት በር ላይ ጥዬው ገባሁ። ሠንጠረዡ ያላነሣውን ነገር እኔም አላነሣሁትም።

አጎቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የቆየውን ደብተር አውጥቶ ከፊቴ ዘረጋና በገጹ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አሳየኝ። በአንዱ ገጽ «ቅበላ»፣ በሌላው «ጾም ገባ»፣ በሌላው «ሮመዳን 1»፣ በሌላው «የጥምቀት ዋዜማ» ይላል። «ልጄ፣ ይህንን ምን አደረግኸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተሩን ወደ ኮምፒዩተር ስገለብጥ እነዚህ ቃላት ቁጥር ስላልነበሩ፣ በሠንጠረዤም ውስጥ የሚገቡበት ዐምድ ስላልነበረ ትቻቸዋለሁ። መረጃው በቤቱ ነበረ፤ የጣልሁት እኔ ነኝ።

ትምህርቱም ይህ ነው። በመረጃ ሥርዓት ውስጥ ዐምድ ያልተሰጠው ነገር፣ በውሳኔው ሰዓት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

መ. ከሱቅ ወደ ምርት ገበያ

ነገሩ የአንዲት ሱቅ ነው ብሎ የሚንቀው ቢኖር፣ ከኮልፌ ወደ አየር ጤና ወርዶ የጅማን መንገድ ይመልከት። በአገራችን በመረጃ ሥርዓት ታሪክ ትልቁን ስፍራ ከሚይዙት ሥራዎች አንዱ በዚያ መንገድ ከሚገባው ምርት ጋር የተያያዘ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ በመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ማገበያየት ጀመረ፤ ቡናም በ2001 ዓ.ም. ገባበት። ከዚያ በፊት በገጠር ያለው ሻጭ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚሰማው ከገዢው አፍ ነበር። ገዢውም በበኩሉ ጆንያውን በዐይኑ ሳያይ፣ ሻጩን ሳያውቅ ለመግዛት አይደፍርም ነበር። ምርት ገበያው ይህንን ችግር የፈታው በመረጃ ነው። ምርቱ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፤ ይመዘናል፤ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። ገዢው የሚገዛው ደረጃውን አይቶ ነው። የዕለቱ ዋጋም በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችና በስልክ ይነገር ጀመር። እንግዲህ «ዛሬ ልሽጥ ወይስ ልቆይ?» የሚለው የሻጩ ውሳኔ በወሬ ሳይሆን በዋጋ ላይ የቆመ ሆነ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን ደረጃ መስጠት ማጠቃለል ነው፤ የሚያጠቃልል ሁሉ ደግሞ የሚጥለው ነገር አለው። ከልዩ ልዩ የማጠቢያ ጣቢያ የመጣ ቡና አካባቢውና ደረጃው አንድ ከሆነ በአንድ ስም ይሸጥ ስለ ነበር፣ «ይህ ቡና የማን ነው? ከየትኛው ጣቢያ መጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ለብዙው ገዢ ይህ ምንም አልነበረም። ልዩ ጣዕም ያለውን ቡና ፈልጎ ከፍ ያለ ዋጋ ለሚከፍለው የውጭ አገር ገዢ ግን ዋናው ነገር ይኸው ነበር። ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲሸጡ ከተፈቀደላቸው መካከል የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ነበሩ፤ ለብዙው ሻጭ ግን ነገሩ ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ቆየ። በመጨረሻም የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወጣና ቡናው ከመነሻው እየተለየ ለሚሸጥበት አሠራር በሩን ይበልጥ ከፈተ።

ይህን የማነሣው ድርጅቱን ለመንቀፍ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች ተማምነው እንዲገበያዩ ያስቻለው ያው የጆንያውን ባለቤት ወደ ጎን ያደረገው ደረጃ ነውና። ለማለት የምፈልገው ለአንዱ ውሳኔ ትርፍ የሆነው ነገር ለሌላው ውሳኔ ዐይን እንደሚሆን ነው። «ኩንታሉ ስንት ያወጣል?» ለሚል ሰው የማጠቢያው ጣቢያ ስም ሸክም ነው፤ «ለዚህ ጣዕም ምን ያህል ልጨምር?» ለሚል ሰው ግን ያለ እሱ መወሰን አይቻልም።

ሠ. እንግዲህ ሁሉን እንመዝግብ ወይ?

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ዐምዱን እናብዛው፤ ሁሉን እንጻፍ» የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። እኔም ከዚያ ጥፋት በኋላ በድንጋጤ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ራስል አኮፍ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ይህን መንገድ አስቀድሞ ተቃውሞታል። አስተዳዳሪዎች የሚፈልጉትን መረጃ ከማጣታቸው ይልቅ የማያስፈልጋቸው መረጃ ስለሚበዛባቸው ይበልጥ ይጎዳሉ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። አስተዳዳሪውን «ምን መረጃ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አይረዳም፤ ውሳኔውን እንዴት እንደሚወስን በቅጡ ያልመረመረ ሰው ሁሉንም እፈልጋለሁ ይላልና። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠናው ውሳኔው ነው፤ ዐምዱ ከዚያ በኋላ ይወጣል።

በበኩሌ ሠንጠረዥ ከመሥራቴ በፊት አሁን የምጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉኝ። ለእናንተም ይጠቅሙ ይሆናል።

1. በዚህ መረጃ የሚወሰነው ውሳኔ የትኛው ነው? ወሳኙስ ማን ነው? በየትኛው ቀን ይወስናል? ከውሳኔው ቀን በኋላ የሚደርስ ጥሩ ሪፖርት ታሪክ ነው እንጂ መረጃ አይደለም።

2. የማነጻጽረው ምንን ከምን ጋር ነው? በአገራችን የካቲትን ከየካቲት ጋር ማነጻጸር ለሳሙናና ለክብሪት ያገለግል ይሆናል። ለቅቤ፣ ለእንቁላልና ለሥጋ ግን የጾሙን የመጀመሪያ ሳምንት ከአምናው ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ጋር ማነጻጸር ይገባል። ሮመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ተምርና የሳምቡሳ ምስር በወር ስም አይለኩም። በ2015 ዓ.ም. ሮመዳን የገባው መጋቢት 14 ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ከዐቢይ ጾም ጋር በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገባ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 22። ከባሕር ማዶ የመጣው የሂሳብ ፕሮግራም ይህንን አያውቅም፤ ልናሳውቀው የሚገባን እኛ ነን።

3. ጥሬውን የሚጽፈው ሰው ቁጥር ያልሆነ ምን ነገር ያውቃል? በመጋዘን ያለው ጸሐፊ፣ በሱቅ ያለው ሻጭ፣ በገጠር ያለው መዛኝ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚጽፉትን ሳናነብ ቅጽ አናዘጋጅ።

4. ሠንጠረዡ ሲያጠቃልል ምን ጣለ? መጣሉ ግድ ነው፤ የጣለውን አለማወቅ ግን ጥፋት ነው። በሪፖርቱ ግርጌ አንዲት መስመር «ይህ ሠንጠረዥ ጾምና በዓልን አይለይም» ብትል ኖሮ፣ አጎቴ ዕቁቡን ባልለመነ ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእኛ መካከል ነገ በባንክ፣ በአየር መንገድ፣ በፋብሪካና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀመጡ ብዙ ናቸው። እኛ የምናዘጋጀው ቅጽ የትኛው ነገር እንደሚታይና የትኛው እንደሚሰወር ይወስናል። ወሳኙ ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ዐምዱን ያሰመረው ሰው ከውሳኔው አስቀድሞ ግማሹን ወስኖለታል። ስለዚህ ይህን ሥራ የጸሐፊ ሥራ ነው ብለን አንናቀው።

የአጎቴ ሠንጠረዥ ዛሬ አንድ ተጨማሪ ዐምድ አለው፤ ስሙም «ወቅት» ይባላል። በእሱ ውስጥ ቅበላ፣ ጾም፣ ሮመዳን፣ በዓል እየተባለ ይጻፋል። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤታችንም ተመልሳ ደንበኛ ሆናለች። አጎቴ ግን አሁንም በደብተሩ ጠርዝ መጻፉን አልተወም። እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ ቁጥሩን ከመገልበጤ በፊት፣ መጀመሪያ የማነበው ጠርዙን ነው።